ዋስ ያለው ሰው አይነካም

ገዳሪፍ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለእናኑ፣

እግዚአብሔር ደጃፍሽን ከክፉ ዓይን፣ ጎተራሽን ከነቀዝ ይጠብቅልሽ። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ባልሽ ኃይሉ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ከብቱስ? እኔ ጉልበቴ ከመንቀጥቀጡ በቀር አለሁ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። እዚህ ሰፈር ደብዳቤ የሚጽፍ ጎረምሳ ሞልቷል፤ እኔ ግን በመሠረተ ትምህርት የያዝሁትን እርሳስ ለማንም አላስረክብም። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ አንቺ አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ አንብቢው።

ልጅሽ ታምሬ ሰኔ ሃያ አራት ቀን ደርሷል። ከገላባት እስከዚህ በጭነት መኪና ሸራ ሥር መጥቶ፣ ዝናብ የመታው ዶሮ መስሎ ነበር። አሁን ተመልሷል። አረም ይውላል፤ ማታ ከእኔ ጋር ይበላል። ባለቤቴ ሙሉወርቅ ከሞተችብኝ ወዲህ በዚህ ቤት ሁለት ሰው በአንድ ትሪ ሲበላ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ግን አልወደድሁለትም። በዚህ ሰፈር የፖሊስ መኪና ብቅ ሲል ቀድሞ ያየው ሰው የውኃ በርሜል ይመታል። ድው ድው ሲል ሐበሻ ሁሉ እንደ አይጥ ጉድጓዱ ይገባል። ታምሬን በመጣ በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። «ምን ሰርቀሃል?» ብለው፣ «ምንም፤ ሌሎቹ ሲገቡ ገባሁ» አለኝ። የኃይሉ ልጅ! የእኔ የእኅቴ የልጅ ልጅ!

እኔ አልደበቅም። በርጩማዬን ደጅ አውጥቼ እቀመጥና ሸዊሽ ሰልማንን በስሙ ጠርቼ ሰላም እለዋለሁ። ሸዊሽ ማለት እንደኛው አገር አሥር አለቃ ነው። ሰው ከታሰረ ጣቢያ ሄጄ ዋስ እሆናለሁ፤ እነሱ ዳሚን ይሉታል። እስከ ዛሬ አርባ ሦስት ሰው አስፈትቻለሁ፤ አንዱም አላሳፈረኝ። መንግሥት ከሸሸሽው ያሳድድሻል፤ ከቆምሽለት ይቆምልሻል። ከጎን ቤት ፉልና ሻይ የምትሸጥ ሓረጉ የምትባል የትግራይ ሴት አለች፤ ምላሷ ምላጭ ነው። «አቦይ አገኘሁ፣ ጅብ የሳቀልዎ ሲመስልዎ ጥርሱን እያሳየዎ ነው» ትለኛለች። ሴትየዋ ብዙ አይታለች፤ እተዋታለሁ።

ምንም አትላኪልኝ። ምንም አልጎደለብኝም።

አጎትሽ አገኘሁ

*

ጭልጋ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለአያ አገኘሁ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። የሙሉወርቅን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ለእርስዎም ዕድሜውን ከጤናው ጋር ያድልልን። እኛ በሕይወት አለን። ስልኩ እንደተቆረጠ ስለሆነ ደብዳቤዎን ሹፌሩ አብዱ ነው ያደረሰኝ። ይህንንም እሱ ይዞት ይመጣል፤ ታማኝ ሰው ነው።

አያ፣ ላስጨንቅዎ አልፈለግሁም ነበር። ኃይሉን ከወሰዱት ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኑ ነው። «ልጅህ ጫካ ገብቷል፤ አምጣው» አሉት። «ሱዳን ነው፣ አጎቱ ዘንድ ነው» ብንል ማን ይስማን? ጎረምሳ የጎደለበት ቤት ሁሉ «ሱዳን ነው» ነው የሚለው። ያሰረው ሚሊሻ አበልጃችን ነው፤ ትንሿን ልጄን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። እጁን ወደ ኋላ ሲያስረው «አበልጄ ይቅር በለኝ፣ አበልጄ ይቅር በለኝ» ይል ነበር። ገመዱን ግን አላላላለትም።

ትናንት ስንቅ ይዤ ብሄድ የቀበሌው ሰው፣ «ልጁ እውነት ሱዳን ከሆነ የሱዳን መንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጪ፤ ያን ጊዜ ባልሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ» አለኝ። እርስዎ ከሹማምንቱ ጋር እንደሚግባቡ ጽፈውልኛል። ገንዘብ አልጠይቅዎትም፤ ይህችን ወረቀት ብቻ። ለታምሬ አባቱ መታሰሩን አይንገሩት። ከሰማ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ ያው ነው።

ልጅዎ እናኑ

*

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናኑ፣

የታሰረን የሚፈታ ጌታ ኃይሉን ፈትቶ ደብዳቤዬን አብራችሁ ያስነብባችሁ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። መስከረም ሠላሳ ቀን የታተመ ነው። ማኅተሙን ተመልከችው፤ ሰማያዊ፣ ክብ፣ ንስር ያለበት። «ታምሬ ኃይሉ በገዳሪፍ በዋሱ በአገኘሁ ቤት ይኖራል» ይላል በአረብኛ።

ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ ጣቢያ ሄድሁ። ሸዊሽ ሰልማን ወንበር ሰጠኝ። ሌላው ሐበሻ እዚያ መሬት ነው የሚቀመጠው።

«ያ ዓም አገኘሁ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ታሰረብህ?» አለ። ያ ዓም ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

«ማንም አልታሰረብኝ። ወረቀት ፈልጌ ነው» ብዬ ነገሩን አስረዳሁት።

ጢሙን አሻሸና፣ «ለአንድ ሰው ብዬ ማኅተም ከሳጥን አላወጣም። ለስንት ሰው ነው ዋስ የምትሆነው? ሁሉንም ጻፍልኝ። ማን የት እንደሚያድር ካወቅሁ አንተም አትመላለስ፣ እኔም አልደክም» አለኝ።

ይኸማ የምመኘው ነገር ነው! በእኛ አገር ዋስ ያለው ሰው ዋሱ ሳይጠራ አይነካም። ከስሙ ጎን የዋሱ ስም ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ቤቴ ገብቼ ደብተር አወጣሁና ሁለት ማታ ጻፍሁ። የታምሬን ስም ከላይ አደረግሁት። አሥራ ሰባት ስም፣ ማን ከማን ቤት ቀጥሎ እንደሆነ ሳይቀር፣ ከእያንዳንዱ ጎን «ዋስ አገኘሁ»፣ «ዋስ አገኘሁ» እያልሁ። ጣቢያ እኔ አነበብሁ፣ ጸሐፊው በአረብኛ ገለበጠ። ሰልማን፣ «እንዲህ ያለ የተማረ ሽማግሌ አላየሁም» አለ።

ሓረጉ ብቻ ነች ያስቸገረችኝ። ጣቢያ ሳልሄድ፣ ሳትጠየቅ ስሟን አሥራ ስምንተኛ አድርጌ እንደጻፍሁ ስነግራት ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ ስሟን በጥፍሯ ፋቀችው። «መንግሥት የወንድሞቼን ስም አንዴ ጠራ፤ እነሱ እስከ ዛሬ አቤት እያሉ ነው» አለች። ወረቀቱ ተቀደደ። እንደገና ሙሉውን ገልብጬ ጻፍሁት፤ እሷን ተውኋት። ከዋስ ውጭ መሆን ምርጫዋ ነው።

ኃይሉ ሲፈታ ንገሪኝ። ማን እንዳስፈታውም ንገሪው።

አጎትሽ አገኘሁ

*

ጭልጋ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ምትክ ለአያ አገኘሁ፣

ምድር የማይችለው ሰላምታዬ ይድረስዎ። እጅዎ ይባረክ፤ የጻፉበት ጣትዎ አይዛል። ኃይሉ ተፈታ! ወረቀቱን ሦስት ሰው አገላብጦ አየው። አንዱም አረብኛ አያነብም፤ ማኅተሙን ግን ሁሉም ዳሰሱት። ግልባጩን ፋይል ውስጥ አስገቡና «ይዘሽው ግቢ» አሉኝ። ኃይሉ ቀኝ ክንዱን ወደ ላይ ማንሳት አቅቶታል እንጂ ደኅና ነው። አጨዳው ላይ ልጆቹ ናቸው የሚያግዙት። አበልጃችን ዶሮ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ተቀበልነው። ምን እናድርግ?

አያ፣ አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ታምሬ በገዛ እጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። እርስዎ ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሓረጉ ጽፈውልኛል፤ ስለ እሱ ግን ስሙን ከላይ እንዳደረጉት ብቻ ነው የነገሩኝ። አብዱንም ብጠይቀው «እኔ ደብዳቤ ብቻ ነው የምቀበል» ብሎ መኪናውን አስነሣ። እንዲያ የሚቻኮል ሰው አልነበረም።

ልጅዎ እናኑ

*

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናኑ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ኃይሉ እንኳን ተፈታ።

ታምሬ ደኅና ነው። ለማሽላ ቆረጣ ባሱንዳ ወርዷል። እዚያ ወረቀትም እርሳስም የለም፤ ሜዳ ነው። ሲመለስ ይጽፍልሻል።

እኔን አሞኝ ነበር የዘገየሁት። ከባድ አይደለም። በዚህ ሰፈር ሰው ምቀኛ ሆኗል። ስወጣ በርሜል ይመታሉ። የፖሊስ መኪና የለም፣ ምንም የለም፤ እኔ ከዘራዬን ይዤ ብቅ ስል ድው ድው ያደርጉታል። ልጆች ናቸው ብዬ ነበር፤ ትልልቆቹም ይመታሉ። ሓረጉ ፉል አልሸጥልህም ብላኛለች። አንተ ማለት ጀምራለች፤ አቦይ ማለቱን ትታዋለች። ሳህኔን ይዤ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ ላለው ሰው ቀዳችለት። እኔ ደግሞ ፉል አልወድም፤ ለልማድ ነበር የምገዛው።

ከአብዱ ጋር ለአንቺ ነጠላ ቶብ ልኬልሻለሁ። የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት ነው፤ ቀለሙ አይለቅም። ለኃይሉ ክንድ የሚቀባ ቅባትም አለበት።

ከመተማ በኩል የሚመጣ ወሬ ሁሉ አትስሚ።

አጎትሽ

*

መተማ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አገኘሁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቶቡ ደርሶኛል።

ታምሬ ባሱንዳ አይደለም። ታምሬ እዚህ መተማ ነው፤ የታሰረ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሱዳን ፖሊሶች ከሌሎች ጋር ከገዳሪፍ አምጥተው፣ ስንት ሳምንት አስረው ካቆዩአቸው በኋላ ያለ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ገላባት ድልድዩ ላይ አራግፈዋቸዋል። የእኛዎቹ ደግሞ ጎረምሳ ሲያዩ «ከጫካ ነው የመጣኸው» ብለው ያዙት። «ታምሬ ኃይሉ ነኝ፣ የጭልጋ ልጅ ነኝ፣ ከሱዳን ተባርሬ ነው» ቢላቸው ቀበሌያችንን ጠየቁ። ቀበሌው ፋይል ገልጦ ምን አለ መሰለዎ? «ታምሬ ኃይሉ ገዳሪፍ ዋስ ይዞ ተቀምጧል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጃችን ነው። እሱን ማነህ በሉት» አለ።

አያ፣ ገብቶዎታል? ወረቀቱ እውነት ከሆነ ይህ ልጅ ታምሬ አይደለም፤ የሞተ ሰው ስም ይዞ እንደሚገባ የጫካ ሰው ነው። ይህ ልጅ ታምሬ ከሆነ ወረቀቱ ውሸት ነው፤ ኃይሉ በሐሰት ማስረጃ ተፈታ ማለት ነው፣ ተመልሶ ይገባል። መቶ አለቃው ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ እንዳሉ አድርጎ ነገረኝ። «እናት ነሽ፤ ለይተሽ ንገሪኝ። የትኛው ነው እውነቱ?» አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው ብለው ሳቀ። «መንግሥትና መንግሥት አይዋሽም፤ የዋሸ ካለ ከእናንተ ቤት ነው» አለ። እስከ ጥምቀት ቀን ሰጥቶኛል።

ኃይሉ ሌላ ሰባት ቀን እስር አይችልም። ክንዱ ደርቋል፤ ማታ ማታ ደም ያስለዋል፤ ይህን አልጻፍሁልዎትም ነበር። ሦስት ልጆች ከሥሬ አሉ።

የሚያወጣን አንድ ነገር ነው። ማኅተሙ በተመታበት ቀን ታምሬ ቤትዎ እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላ በስንት ቀኑ፣ በማን፣ ለምን እንደተያዘ እርስዎ በእጅዎ ይጻፉልኝ። ያን ጊዜ ወረቀቱም እውነት ይሆናል፣ ልጁም ታምሬ ይሆናል። ታምሬ እንዴት እንደተያዘ ነግሮኛል። እኔ ምንም አልልዎትም። ብቻ ይጻፉልኝ። ከጥምቀት በፊት ይድረስልኝ።

እናኑ

*

ገዳሪፍ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናኑ፣

ምርቃት አልጽፍልሽም፤ ከእኔ አፍ የሚወጣ ምርቃት አይያዝም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ነው። ጥምቀትም አልፏል። አብዱ ሦስት ጊዜ «አባቴ፣ መልስ የለም?» ብሎ መጥቷል፤ ሦስቱንም «ገና ነው» ብዬ መለስሁት። እርሳሱን ስይዝ እጄ አልታዘዘኝም። እጄ አይደለም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ሰው የሚለውን ሁሉ ብሎ ጨርሶ ሳለ።

ለሚያነበው ሹም እንዲህ በይልኝ። ታምሬ ኃይሉ መስከረም ሠላሳ ቀን ማኅተሙ ሲመታ ቤቴ ነበር። የተያዘው ጥቅምት ዘጠኝ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሰው ሁሉ ልብሱን ሲያጥብ ነው። በርሜል ተመትቶ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነበር። ሸዊሽ ሰልማን የስሞቹን ወረቀት ይዞ ከቤት ቤት እየሄደ፣ «ክፈቱ፣ አገኘሁ ነው የላከን» አለ። ስሜን ሲሰሙ ከፈቱ። አሥራ አንዱን ወሰዱ፤ ስድስቱ እርሻ ስለነበሩ ተረፉ። ሓረጉን አልነኳትም፤ ወረቀቱ ላይ የለችማ።

እኔ በርጩማዬ ላይ ነበርሁ። ታምሬን ከቤቴ ሲያወጡት እጁ ገና ሳሙና ነበረው። «አጎቴ፣ ዋሱ ነኝ በሏቸው» አለኝ። ተነሥቼ «ዋሱ ነኝ!» አልሁ። «ሁሉም ዋስ አላቸው፣ መጀመሪያ እኔን ጠይቁ!» አልሁ። ሰልማን በሰፈሩ ፊት፣ «ያ ዓም፣ ስማቸውን የሰጠኸኝ አንተ፤ ዛሬ ምን ነካህ?» አለ። ከዚያ በኋላ በርጩማዬን ደጅ አላወጣሁም።

ይህንኑ ቃል ጽፎ እንዲያትምልኝ ትናንት ጣቢያ ሄጄ ነበር። ስነግረው ሳቀ። «እኔ ወሰድኋቸው ብዬ ማኅተም ልምታ? ሂድ ተኛ፤ አንተ እኮ ከእኛው ነህ» አለኝ። ወንበር ግን አቀረበልኝ። አልተቀመጥሁበትም። ቢዘገይም የሠራሁት ሥራ እሱ ነው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ማኅተም የለውም። ማኅተም የሌለው ወረቀት ብቻውን ምን ያደርጋል? ነገ ጠዋት እኔው ይዤው ከአብዱ ጋር እነሣለሁ። አርባ ዓመት ያልረገጥሁትን ድልድይ እሻገራለሁ። መቶ አለቃው ፊት ቆሜ ይህ ልጅ ታምሬ ነው፣ እኔ አስይዤው ነው እላለሁ። ሰውየው ሲጠፋ ዋሱ ይታሰራል፤ ደንቡ ይኸው ነው፤ ካሰሩኝ ይሰሩኝ። ይህንኑ ቃል ገልብጬ ዛሬ በሚነሣ ሌላ መኪና አስቀድሜ ልኬልሻለሁ፤ እኔ ብዘገይ እንኳ ይቅደመኝ ብዬ።

አገኘሁ

*

ጭልጋ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አገኘሁ፣

ከእርስዎ የመጣ ደብዳቤ የለም። ጥምቀትን መተማ ዋልሁ። ገላባት በኩል የሚገባውን መኪና ሁሉ ቆሜ ጠየቅሁ። መቶ አለቃው ሁለት ቀን ጨመረልኝ፤ ጥር አሥራ ሦስት ግን አስጠራኝ።

ታምሬን አምጥተው ፊቴ አቆሙት። ከስቷል። ጢም አብቅሏል፤ ጢም እንዳለው አላውቅም ነበር። መቶ አለቃው፣ «በይ፣ ይህ ልጅሽ ነው?» አለኝ።

አላውቀውም አልሁ።

ታምሬ አየኝ። እማ አላለኝም። ወደ መቶ አለቃው ዞረና፣ «እውነቷን ነው። እኔም ሴትዮዋን አላውቃትም» አለ። «ታዲያ ስምህ ማነው?» ሲሉት የማላውቀውን ስም ሰጣቸው። ጻፉት። ከሌሎች ጋር መኪና ላይ ጫኑት። ወዴት እንደወሰዱት የሚነግር የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ኃይሉ ቤት ነው። ምን እንዳልሁ አልነገርሁትም። ልጁ ሱዳን ነው ብሎ ያምናል፤ ማታ ማታ ስሙን እየጠራ ይመርቀዋል።

አሁን የምለምንዎ ዝም እንዲሉ ነው። ምንም እንዳይጽፉ። የሚጽፉት እውነት ዛሬ ከደረሰ ኃይሉን ይገድለዋል፤ እኔንም ልጇን የካደች አሰኝቶ ያሳስረኛል፤ ታምሬን ግን አይመልሰውም። ወደዚህም እንዳይመጡ።

ሰው ስለ ታምሬ ቢጠይቅዎ፣ ገዳሪፍ ነው ይበሉ።

እናኑ